ለፒኤስ 4 የሚሆን ርካሽ ቲቪ፦ 43 ኢንች «4ኬ» ወይስ 32 ኢንች ፉል ኤችዲ? (ደሴ)

ሆጤ_ሰፈር · ማክሰኞ ማታ

ሰላም ቤተሰብ። ደሴ ነኝ። ፒኤስ 4 ስሊም (ፕሌይስቴሽን፣ የጌም ማጫወቻው) አለኝ። እስካሁን ከጓደኛዬ ጋር ተከራይተን ስለምንኖር በእሱ ቲቪ ነበር የምጫወተው። አሁን እሱ አግብቶ ወጣ፣ ቲቪውም አብሮት ወጣ።

ፒያሳን ዞሬ ዞሬ ሁለት ዕቃ ላይ ቆሜያለሁ። አንዱ 43 ኢንች ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «4ኬ» ተጽፏል፣ ስማርት ነው፣ ብራንዱን ግን ሰምቼው አላውቅም። ሌላው 32 ኢንች ነው። የታወቀ ብራንድ፣ ፉል ኤችዲ፣ ስማርት ያልሆነ። ዋጋቸው ይቀራረባል። ሻጩ «ትልቁን ውሰድ፣ ምን ታስባለህ?» እያለኝ ነው።

በብዛት የምጫወተው ኳስ ነው፣ አልፎ አልፎ የተኩስ ጌም። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ከአልጋዬ እስከ ግድግዳው ሁለት ሜትር አትሞላም። የሰፈር ልጆችም ይመጣሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

አወያይ · ማክሰኞ ማታ

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ዋጋ የምትጽፉ ከሆነ ቀኑንም ጻፉ። የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት የተጻፈ ዋጋ ይዞ ሱቅ የሚሄድ ሰው ከነጋዴ ጋር ተጣልቶ ነው የሚመለሰው። ቢቻል ስለ ዕቃው አውሩ።

ጦሳ_ማዶ · ማክሰኞ ማታ

ትንሽ ጨምርና 55 ግዛ፣ ተገላገል። ቲቪ በየዓመቱ አይገዛም።

ሰኞ_ገበያ · ማክሰኞ ማታ

@ጦሳ_ማዶ ልጁ ሁለት ሜትር አትሞላም እያለህ! 55 ኢንች ስፋቱ ወደ 122 ሴንቲሜትር ነው። ቲቪው ከገባ እሱ በረንዳ ሊያድር ነው።

ቦርከና · ማክሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ትንሽ ፒኤስ ቤት አለኝ። ያንተ ጥያቄ የኔ የዕለት እንጀራ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም።

ቤቱን ከነዕቃው ነው የተረከብኩት። ቲቪዎቹ ዓይነታቸው የተለያየ ነበር። ልጆቹ ሲገቡ አንዱ ቲቪ ላይ ይሻማሉ። ትልቁ ላይ እንዳይመስልህ፣ ከሁሉም ያነሰው ላይ ነው። ሰፊውን ስትሰጣቸው «እሱ ይጎትታል» ይላሉ። የተሸነፈ ሰበብ አያጣም ትል ይሆናል። ግን ልጆቹ ልክ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቲቪ ከፒኤሱ የመጣለትን ምስል እንዳለ አያሳይም። ቀለሙን ያደምቃል፣ ጠርዙን ያሾላል፣ እንቅስቃሴው እንዲለሰልስ በመሃል የራሱን ምስል ፈጥሮ ይጨምራል። ለፊልም ይሁን። ግን ይሄ ሁሉ ጊዜ ይበላል። አንተ ጆይስቲኩን ስትጫን፣ ተጫዋቹ ሲመታ የምታየው ቲቪው ማስዋቡን ሲጨርስ ነው። የኳስ ጌም በሰከንድ 60 ምስል ያወጣል። አንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ቲቪው 100 ሚሊሰከንድ ከዘገየ ስድስት ምስል ያህል ወደ ኋላ ቀርተሃል ማለት ነው። በረኛው ከወጣ በኋላ ነው መውጣቱን የምታየው። ከ100 በላይ የሚዘገዩም አሉ።

«ጌም ሞድ» የሚባለው ያንን ማስዋብ የሚያጠፋው ነው። ጥሩ ቲቪ ጌም ሞድ ላይ ሲሆን በ10 እና በ20 ሚሊሰከንድ መካከል ይወርዳል። ስለዚህ ሱቅ ገብተህ መጀመሪያ የምትጠይቀው ኢንቹን አይደለም፣ ጌም ሞድ አለው ወይ ብለህ ነው። «አለው» ሲሉህም አትመን፣ ሪሞቱን ተቀብለህ ራስህ ፈልግ። የስዕል ዝርዝር ውስጥ ነው የሚገኘው፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ አጠቃላይ ማስተካከያ ውስጥ ይደብቁታል።

አንድ ማሳሰቢያ። ሻጭ «ይሄ 1 ሚሊሰከንድ ነው» ካለህ ስለ ሌላ ነገር እያወራህ ነው። ያ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለችው ነጥብ ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ ለመቀየር የሚፈጅባት ጊዜ ነው። እሱ ሲረዝም ኳሷ ከኋላዋ ጭራ ታወጣለች። በእጅህና በስክሪኑ መካከል ያለው መዘግየት ሌላ ቁጥር ነው፣ እሱን ካርቶን ላይ የሚጽፍ የለም ማለት ይቻላል።

ሆጤ_ሰፈር · ረቡዕ ጠዋት

@ቦርከና አላህ ይስጥህ ወንድሜ። ጓደኛዬ ሁልጊዜ የሚያሸንፈኝ በቲቪው ነው ማለት ነው?

ቦርከና · ረቡዕ ጠዋት

አንድ ቲቪ ላይ አይደል የምትጫወቱት? ለሁለታችሁም እኩል ነው የሚዘገየው። እሱንስ ተቀበለው።

ቴክኖ_ልጅ · ረቡዕ ከሰዓት

ኮምቦልቻ የምማር ነኝ። መዘግየቱን በስልክ መለካት ይቻላል።

ስልክህ ስሎ ሞሽን በሰከንድ 240 ምስል የሚቀዳ ከሆነ እያንዳንዷ ምስል ወደ 4.2 ሚሊሰከንድ ናት። ጆይስቲኩንና ስክሪኑን አንድ ላይ እያሳየህ ቅዳ። ቁልፉን በኃይል ተጫን። ከዚያ ቪዲዮውን አንድ አንድ ምስል እየገፋህ፣ ጣትህ ከወረደበት ስክሪኑ ላይ ለውጥ እስከታየበት ቁጠር። ጠቅላላው ውስጥ የፒኤሱም የጌሙም መዘግየት አለበት፣ ስለዚህ ቁጥሩን ለብቻው ይዘህ አትደንግጥ። ጥቅሙ ሁለት ቲቪ ስታወዳድር ነው። በአንድ ፒኤስ፣ በአንድ ጌም፣ በዚያው ቁልፍ ከሞከርክ ልዩነቱ የቲቪው ነው።

ስለ 4ኬው ደግሞ፦ ፒኤስ 4 ስሊም ከ1080ፒ (ፉል ኤችዲ የሚባለው፣ 1920 በ1080 ነጥብ) በላይ አያወጣም። 4ኬ (የዚያ አራት እጥፍ ነጥብ) የሚያወጣው ፒኤስ 4 ፕሮ ነው። ስለዚህ 43ቱ እውነተኛ 4ኬ ቢሆን እንኳ ያንተን 1080ፒ ለጥጦ ነው የሚያሳይህ። እውነተኛ ካልሆነስ? «4ኬ ይደግፋል» እና «ስክሪኑ 4ኬ ነው» ለየቅል ናቸው። ውስጡ 1366 በ768 የሆነ ስክሪን ተገጥሞለት ካርቶኑ ላይ ሌላ የሚጻፍበት አለ። ፒኤሱ ይህን አያጋልጥልህም፣ ምክንያቱም ቲቪው 1080ፒውን ይቀበልና ራሱ ውስጥ ያሳንሰዋል። የምታጋልጠው ከጀርባው ስቲከር ላይ የሞዴል ቁጥሩን ጽፈህ ስትፈልግ ነው። ወይም ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ ሰክተህ 1080ፒ ላይ አድርገውና ትንንሽ ጽሑፍ ክፈት። ፊደሎቹ ከተድበሰበሱ አትግዛ።

ጦሳ_ማዶ · ረቡዕ ከሰዓት

እሺ ነገ ፒኤስ 5 ቢገዛስ? 32 ኢንች ታቅፎ ሊቀመጥ ነው? ደግሞ ኤችዲአር የሚባል ነገር አለ። ደግሞ 43ቱ ላይ «200 ኸርዝ» ይላል አይደል?

ቴክኖ_ልጅ · ረቡዕ ማታ

@ጦሳ_ማዶ አንድ በአንድ።

ፒኤስ 5 ፉል ኤችዲ ቲቪ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። 4ኬ በ60 ለማየት የቲቪው ቀዳዳ ኤችዲኤምአይ 2.0 መሆን አለበት፣ 4ኬ በ120 ከሆነ 2.1። የድሮው 1.4 ግን 4ኬን በሰከንድ ከ30 ምስል በላይ አያሳልፍም። ርካሽ «4ኬ» ገዝተህ ቀዳዳው 1.4 ከሆነ ነገ ፒኤስ 5 ስትሰካበት ወይ 4ኬውን ወይ 60ውን ትመርጣለህ። ለነገ ብሎ ዛሬ መጥፎ 4ኬ መግዛት ነገንም አያድንም።

ኤችዲአር (ብሩሁንና ጨለማውን ይበልጥ አለያይቶ የሚያሳየው) እውነት ነው፣ ፒኤስ 4 ሁሉም ሞዴሎች ከመስከረም 2016 እ.ኤ.አ. ዝመና ጀምሮ ያወጣሉ። ግን ብርሃኑ ደካማ የሆነ ቲቪ ላይ ኤችዲአር ሲበራ ምስሉ ይጨልማል እንጂ አያምርም። ርካሽ ቲቪ ላይ አጥፍቶ መጫወት ይሻላል።

200 ኸርዝ የተባለው ደግሞ ለዚያ ምስል ፈጥሮ መጨመር የወጣ የገበያ ቁጥር ነው። በዚህ ዋጋ ስክሪኑ ራሱ 60 ኸርዝ ነው (በሰከንድ 60 ምስል)፣ አልፎም 50 ሊሆን ይችላል። ያ ስሌት ጌም ሞድ ላይ ይጠፋል፣ ይጥፋም።

ጥገና_ፒያሳ · ረቡዕ ማታ

ልጆቼ፣ ስለ ፍጥነቱ ጥሩ ብላችኋል። እኔ ደግሞ ቲቪ ሲበላሽ የማየው ሰው ነኝ፣ ከዚያ በኩል ልናገር።

አንደኛ፣ የማይታወቅ ብራንድ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ስከፍተው ውስጡ ስክሪኑ ከጥሩ ፋብሪካ የመጣ ብዙ አጋጥሞኛል። ችግሩ ሲበላሽ ነው። መለዋወጫ የለውም። በብዛት የሚሄደው የጀርባ መብራቱ ነው፣ እኛ ባክላይት የምንለው። ለታወቀው ብራንድ የመብራት ረድፉ ይገኛል። ለዚያኛው ግን ርዝመቱን ለክቼ፣ ቮልቱን አይቼ፣ ከሌላ ቲቪ ቆርጬ ነው የምሠራው። ይሠራል፣ ግን ዕድሜው እንደ ዕድሉ ነው።

ሁለተኛ፣ ገዝታችሁ እንደገባችሁ የጀርባ መብራቱን ዝቅ አድርጉት። ሱቅ ውስጥ ደምቆ እንዲታይ 100 ላይ አድርገው ነው የሚያሳዩት። ቤት ውስጥ 50 ወይ 60 ይበቃል። ሌት ተቀን 100 ላይ የሚሠራ ቲቪ ቶሎ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ እጠቀማለሁ፣ እናንተ ትጎዳላችሁ።

ሦስተኛ፣ ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ። ድምፁ እየተሰማ ስክሪኑ ጥቁር የሆነ ቲቪ «ትንሽ ነገር ነው የሚፈልገው» ብለው በርካሽ ይሰጧችኋል። ክፍሉን አጨልሙና የስልክ ባትሪ ስክሪኑ ላይ አስጠግታችሁ አብሩ። ከሥር ምስሉ በደብዛዛው ከታየ የሄደው የጀርባ መብራቱ ነው፣ ይሠራል። ስክሪኑ ራሱ ከተሰነጠቀ ወይም ከላይ እስከ ታች መስመር ከጣለ ግን ተዉት። ስክሪን መቀየር ሌላ ቲቪ ከመግዛት አይተናነስም።

አራተኛው መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ቲቪውንም ፒኤሱንም ከሶኬት ንቀሉ። ሲመጣ ወዲያው አትሰኩ፣ ጥቂት ደቂቃ ይረጋጋ። የሚያቃጥለው መሄዱ ሳይሆን አመጣጡ ነው። ስታብላይዘር ግዙ። ዲቫይደር ስታብላይዘር አይደለም፣ ላዩ ላይ ትንሽ መብራት ስለሚበራበት ብቻ «መከላከያ አለው» የሚሏችሁን አትስሙ።

ሆጤ_ሰፈር · ረቡዕ ማታ

ጋሼ እናመሰግናለን፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ስታብላይዘሩ ስንት ዋት ይሁን?

ጥገና_ፒያሳ · ረቡዕ ማታ

32 ኢንች ኤልኢዲ ከ50 ዋት ብዙ አያልፍም። ፒኤስ 4 ስሊም ጌም ላይ ሆኖ ወደ 80 እና 90 ነው። ትንሹ ስታብላይዘር ሁለቱን ይችላል። ፒኤስ 5 ከሆነ ብቻውን ወደ 200 ስለሚወስድ ከፍ ያለ ያዝ። እና ምድጃውን እዚያው ላይ እንዳትሰካ፣ አደራ።

የደሴዋ · ሐሙስ ጠዋት

እኔ ጌም አልጫወትም፣ ወንድሞቼ ናቸው የሚጫወቱት። ግን ቲቪ ከሳውዲ ለሚያስመጡ አንድ ነገር ልበል፣ እኛ ሰፈር ግማሹ ቲቪ ከጅዳ የመጣ ነው።

እህቴ ስትመጣ 43 ኢንች ይዛ መጣች። ሶኬቱ ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ ያለው ነው፣ እዚህ አይገባም። ወንድሜ ሊቆርጠው ሲል ነው የደረስኩበት። መቀየሪያ ፒያሳ ይገኛል፣ ጠበቅ ብሎ የሚይዘውን ግዙ። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍም አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ካለ ችግር የለም። አዳዲሶቹ እንዲህ ናቸው። የቆየ ዕቃ ከሆነ ግን ሳውዲ ቤቶች ድሮ 127 ቮልት ይጠቀሙ ስለነበር ሳታነቡ እንዳትሰኩ።

ከአዲስ አበባ በመኪና የምታስመጡም አቁማችሁ አስጭኑት፣ እንዳያስተኙት። በተለይ የሀረጎን ዳገት ሲወጣ የተኛ ቲቪ ላይ ሌላ ሻንጣ ከተጫነበት አለቀለት።

ሰኞ_ገበያ · ሐሙስ ጠዋት

የደሴዋ፣ አንቺ ከወንድሞችሽ በላይ ታውቂያለሽ ወላሂ።

ቦርከና · ሐሙስ ከሰዓት

@ሆጤ_ሰፈር የሰፈር ልጆች ይመጣሉ ስላልክ የረሳሁትን ልጨምር። ሱቅ ውስጥ ቲቪውን ከፊት ብቻ አትየው፣ ወደ ጎን ሂድና እይ። ቪኤ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ማታ መብራት አጥፍተህ ብቻህን ስትጫወት ያምራል። ከጎን ግን ቀለሙ ይገረጣል። አይፒኤስ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይሄዳል፣ ከጎን ግን እንዳለ ይታያል። እኔ ቤት ሁለቱ ይጫወታሉ፣ ተረኛው ጥግ ላይ ተጣብቆ ያያል። ስለዚህ ለኔ አይፒኤስ ነው። አንተ የብቻህ ሰዓት ከበዛ ቪኤ ይሻልሃል።

የፀሐይ ነገርም አለ። ኮምቦልቻ ከሰዓት ፀሐይ በበሩ ገብታ ስክሪኑ ላይ ስትተኛ ምንም አይታይም። ደሴ እንኳ ጉሙ ይጋርድልሃል።

ቴክኖ_ልጅ · ሐሙስ ማታ

ብቻውን የሚጫወት ከሆነ ያገለገለ የኮምፒውተር ሞኒተርም አለ። መዘግየቱ በአብዛኛው ትንሽ ነው፣ ማስዋቢያ የሚባል ነገር ስለሌለው። ግን ሁለት ነገር እወቅ። ብዙዎቹ ድምፅ የላቸውም፣ ፒኤስ 4 ስሊም ላይ ደግሞ የኦፕቲካል ድምፅ መውጫው ተነስቷል። ስለዚህ ወይ ጆይስቲኩ ላይ ኢርፎን ትሰካለህ፣ ወይ የድምፅ መውጫ ያለው ሞኒተር ትፈልጋለህ። የድሮ ዲቪአይ መሰኪያ ብቻ ያለው ሞኒተር ከሆነ ደግሞ ፒኤሱ ማስተካከያ ውስጥ ኤችዲሲፒ (የቅጂ መከላከያው) የሚለውን ካላጠፋህ ስክሪኑ ጥቁር ሊሆንብህ ይችላል።

ሆጤ_ሰፈር · ቅዳሜ ማታ

ቤተሰብ፣ ሄጄ መጣሁ። ፒኤሱን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ነው የሄድኩት። ሻጩ መጀመሪያ ፊቱን አጠቆረ፣ በኋላ እሱም ተቀምጦ ያይ ጀመር።

43ቱ ላይ ጌም ሞድ የሚባል የለም። «ዳይናሚክ»፣ «ስታንዳርድ»፣ «ለስላሳ»፣ አለቀ። ስቲከሩ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ፈልጌ ምንም አላገኘሁም። በስልክ ቀዳሁት። 32ቱን ጌም ሞድ ላይ አድርጌ በዚያው ቁልፍ ቀዳሁ። እስኪዘገይ የቆጠርኳቸው ምስሎች 43ቱ ላይ ከ32ቱ እጥፍ በላይ ናቸው። ሻጩ ራሱ ቆጥሮ «ኧረ ይሄ ነገር እውነት ነው» አለ።

32ቱን ወሰድኩ። በተረፈው ስታብላይዘር ገዛሁ። ጓደኞቼ «ይቺን ሚጢጢ!» ብለው ሳቁብኝ፣ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ተቀምጠው ሲያዩት ዝም አሉ።

አሁን ግን ችግር አለ። ኳስ ስጫወት ከላይ ያለው ሰዓትና ስኮር ግማሹ ተቆርጧል። ጨለማ ቦታ ደግሞ ሁሉም ነገር አንድ ጥቁር ሆኖ ሰው አይታይም። ተበላሽቶ ነው እንዴ የሸጠልኝ?

ቦርከና · ቅዳሜ ማታ

አብሽር፣ አልተበላሸም። ቲቪው የምስሉን ጠርዝ እየቆረጠ አስፍቶ ነው የሚያሳየው፣ ለድሮ የቴሌቪዥን ስርጭት የተተወ ልማድ ነው። የምስል መጠን የሚለው ውስጥ ገብተህ 16 በ9 የሚለውን ተውና «ስክሪን ፊት» ወይም «ጀስት ስካን» የሚለውን ምረጥ። ስሙ እንደ ብራንዱ ይለያያል። ፒኤሱ ላይ ያለውን የስክሪን ስፋት ማስተካከያ መጀመሪያ አትንካ፣ እሱ ምስሉን ያሳንሰዋል እንጂ ነጥብ በነጥብ አያደርግልህም።

ቴክኖ_ልጅ · ቅዳሜ ማታ

ጥቁሩ ደግሞ የአርጂቢ ሬንጅ (ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው የቀለም ስፋት) ነው። ፒኤስ 4 ላይ ድምፅና ስክሪን፣ ከዚያ የቪዲዮ ማውጫ ውስጥ ታገኘዋለህ። ፒኤሱ «ፉል» እየላከ ቲቪው «ሊሚትድ» እየጠበቀ ከሆነ ጨለማው ሁሉ አንድ ይሆናል። «አውቶማቲክ» ላይ አድርገው። ካልሆነ ራስህ «ሊሚትድ» በለው። በተቃራኒው ምስሉ ጭጋግ የለበሰ ከመሰለህ ወደ ሌላው ቀይር።

ሆጤ_ሰፈር · ቅዳሜ ማታ

ሁለቱም ሠሩ! ስኮሩ ሙሉ ይታያል። ባይታይ ይሻል ነበር፣ 4 ለ 0 እየተመራሁ ነው።

ሰኞ_ገበያ · ቅዳሜ ማታ

አሁን በቲቪው ማመካኘት ቀረ እንግዲህ።

አዲስ_ገቢ · እሑድ ጠዋት

ይቅርታ፣ ክሩ ውስጥ ገብቼ ልጠይቅ። እኔ ያለኝ ፒኤስ 2 ነው፣ ቀይ ነጭ ቢጫ ገመድ ያለው። ለሱስ አዲስ ቲቪ ልግዛ?

ጥገና_ፒያሳ · እሑድ ጠዋት

አትግዛ ልጄ። ያ ገመድ ለድሮው ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን የተሠራ ነው። እሱ ላይ ስትሰካው መዘግየት የለም ማለት ይቻላል። አዲሱ ቲቪ ላይ ግን ምስሉን መለወጥ ስላለበት ይዘገያል፣ ይደበዝዛልም። ብዙዎቹ አዲሶች ቢጫዋን ቀዳዳ ጨርሰው ትተዋታል። ሰው ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ የድሮ ቲቪ ይኖራል፣ ጠይቅ። በነጻ ይሰጡሃል፣ እንዲያውም አውጣልን ብለው ያመሰግኑሃል። ከባድ ነውና ሁለት ሆናችሁ ተሸከሙት።